ኳሷ የምትወድቅበት ሱቅ

መሳለሚያ አጠገብ ጎን ለጎን የተደረደሩት የአሥራ አራቱ ሱቆች ባለቤቶች በሕይወታቸው የተስማሙበት ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አለመስማማታቸውን ለውጭ ሰው አለማሳየት። ዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት ላይ ግን «ወይ ተደራጅታችሁ ፎቅ ሥሩ፣ ወይ ቦታውን ልቀቁ» የሚል ደብዳቤ መጣና ሳይወዱ በግድ አክሲዮን ማኅበር ሆኑ። ለማኅበሩ ስም ለማውጣት ብቻ አምስት ስብሰባ ፈጀባቸው። በአምስተኛው ወንበር ከተወራወሩ በኋላ «አንድ ልብ» ብለው ሰየሙት።

ከዚያ የፎቁ ፕላን ተሠርቶ መጣ። ምድር ቤቱ ላይ አሥራ አራት ሱቅ፣ መሀል ለመሀል ኮሪደር፣ ጥግ ላይ ደረጃ፣ በስተኋላ ሽንት ቤት። ሱቆቹ ከአንድ እስከ አሥራ አራት ቁጥር ተሰጣቸው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ የሳህንና የብርጭቆ አከፋፋዩ ጋሼ ኸይረዲን፣ የክፍፍሉን ደንብ በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ።

«እሑድ እንሰበሰባለን። ቁጥር እጠራለሁ፤ የሚፈልግ እጁን ያወጣል። አንድ እጅ ብቻ ከወጣ ሱቁ የሱ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ እጣ ይጣላል። እጣ ያልወጣለት ከተረፈው ይወስዳል። አለቀ።»

ይህን ሲሰሙ ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰልሰቢል ግን አልነቀነቀችም።

ሰልሰቢል ያላት ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ነው። የሷ ገዢ ማመልከቻ ጨብጦ፣ ታክሲ እያመለጠው፣ ላቡን እየጠረገ የሚሮጥ ሰው ነው። ማስታወቂያዋን ከመንገድ ካየ ይገባል፤ ካላየ ያልፋል። ለአንዲት የመታወቂያ ኮፒ ብሎ ኮሪደር ለኮሪደር የሚንከራተት ፍጡር ገና አልተወለደም። ስለዚህ የሚያዋጣት አንድ ቁጥር ሱቅ ነው፤ ከዋናው በር ሥር፣ መስኮቱ ወደ አስፋልቱ የተከፈተው። እሱን ካጣች፣ በተለይ ደግሞ ሽንት ቤቱ አጠገብ ያለው ዘጠኝ ቁጥር ከደረሳት፣ ማሽኖቿን ሸጣ ቤቷ መቀመጥ ነው።

እጣ ደግሞ አይሆንላትም። ሰባት ዓመት እቁብ ገብታ አንድም ዓመት ከሁሉም መጨረሻ እንጂ ቀድሞ ደርሷት አያውቅም። አንድ ጊዜ እንዲያውም የእቁቡ ሰብሳቢ አዝኖላት ስሟን በሦስት ወረቀት ላይ ጽፎ ጣሳው ውስጥ ቢጨምርላትም የወጣው የሌላ ሰው ስም ነው። እንግዲህ ያላት መንገድ አንድ ነው፤ እሑድ አንድ ቁጥር ሲጠራ ከሷ በቀር አሥራ ሦስት እጅ እታች መቅረት አለበት።

ሱቋ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ። በአንደኛው ትጽፋለች። ሁለተኛው ከአንድ የውጭ ድርጅት ሐራጅ የገዛችው፣ አራት ቀለም ብቻ የሚያውቅ፣ ሲከፈት እንደ ወፍጮ የሚያጓራ አሮጌ ነው። አብሮት በመጣው ዲስኬት ውስጥ ድሮ ቡና ቤቶች ውስጥ ይቆም የነበረው የፍሊፐር ጨዋታ አለበት፤ ኳሷ በስፕሪንግ ተወንጭፋ ወደ ላይ ትወጣና ዘንበል ባለው ጠረጴዛ ላይ እየተላጋች ትወርዳለች፤ ተጫዋቹ ከታች ባሉት ሁለት ክንፎች እየመታ ይመልሳታል፤ በክንፎቹ መሀል ሾልካ ቀዳዳው ውስጥ ከገባች አከተመ። ይሄኛው ግን ለየት ይላል። ጠረጴዛውን ራስህ ነህ የምትሠራው። በስተቀኝ በኩል ዕቃ የተሞላ ሣጥን አለ፤ ክንፍ፣ ግድግዳ፣ ደወል፣ ኳስ ስትነካቸው አሽቀንጥረው የሚመልሱ ክብ ክብ ገፍታሪዎች። ስክሪኑ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ እጅ እያነሳች ትተክላለች። ግድግዳ የምታጎብጥበት መዶሻ፣ ጥጉን የምትቆርጥበት መቀስ፣ የምትቀባበት ብሩሽ አለ። ከታች ደግሞ ጠረጴዛው ምን ያህል ይዘንብል፣ ኳሷ ምን ያህል ትፍጠን የሚባልበት ማስተካከያ።

ሰልሰቢል ገበያ በቀዘቀዘ ሰዓት በሦስት ዓመት ውስጥ ሠላሳ አንድ ጠረጴዛ ሠርታለች። «ምናለሽ ተራ» ባለችው ውስጥ የገባች ኳስ፣ እንደ ሰፈሩ አሮጌ ዕቃ፣ ተፈታትታ ሦስት ሆና ትወጣለች። «በርበሬ በረንዳ» ባለችው ላይ ደግሞ በርበሬው እንደ ሸተታት ሁሉ ምንም ሳይነካት ትደነብራለች። ማንም ጉዳዬ ብሎ አላያቸውም። ጉድ የመጣው ሰኞ ዕለት ደምመላሽ ፕላኑን ኮፒ ሊያስደርግ ሲመጣ ነው።

ደምመላሽ የስፖንጅ ፍራሽ ነጋዴ ነው፤ ሰፊ ሰው፤ ሱቋ ውስጥ ሲገባ ሌላ ሰው መውጣት አለበት። ወረቀቱን በአራቱም አቅጣጫ አዟዟረው።

«ሰልሲ፣ እኔ በየት በኩል ነው የቆምኩት?»

«ጋሽ ደምመላሽ፣ እርስዎ እዚህ ውስጥ የሉም። ሱቆቹ ናቸው።»

«እሱማ ገብቶኛል። ገዢው በየት ገብቶ በየት ይሄዳል ነው የምልሽ።»

«ከፈለጉ ኮምፒውተሩ ላይ ላውጣልዎት። ገዢው ሲዘዋወር ያዩታል።»

«ሰውየው ይታያል?»

«እንደ ኳስ ሆኖ።»

«ይሁን፤ ገዢ ካልገዛ ከኳስ በምን ይሻላል።»

ሰልሰቢል ይህን ስትል አልዋሸችም። በኋላም መለስ ብላ ስታስበው ውሸት የተናገረችበትን ቦታ አላገኘችም፤ እሷንም የገረማት ይኸው ነው። ፕላኑ ላይ በሩ ከታች ነው። ጨዋታው ላይ ቀዳዳው ከታች ነው። እሷ ያደረገችው ሁለቱን አንድ ቦታ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ከዚያ አሥራ አራቱን ሱቆች በየቦታቸው ተክላ ሁለቱን ክንፎች ትንሽ አራራቀቻቸው። የአንድ ቁጥርን ግድግዳ ጥግ በመቀስ ቆረጥ አድርጋ ተንሸራታች አደረገችው። ሰው ዓይኑን ወደ በሩ እንዳያመጣ ስድስት ቁጥር ላይ ደወል ሰቀለች፤ ሽንት ቤቱ አጠገብ ላለው ዘጠኝ ቁጥር ደግሞ ምንም ሳያደርግ አምስት ሺህ ነጥብ ሰጠችው።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ከደምመላሽ የሰማው ማኅበርተኛ ሁሉ በሩ ላይ ተኮለኮለ። ጋሼ ኸይረዲን ብቻ ወንበር አገኙ። ከጥግ፣ ወረቀት በታሸገበት ካርቶን ላይ ደግሞ የክር፣ የመርፌና የዚፕ ነጋዴዋ እትዬ ሸዋርካብሽ ተቀመጡ፤ በሰፈሩ ከሁሉም ቀድመው ሱቅ የከፈቱት እሳቸው ናቸው፤ በስብሰባ ላይ ሲናገሩ የሰማቸው ሰው ግን የለም።

ሰልሰቢል ስፕሪንጉን ለቀቀችው። ኳሷ በስተቀኝ ጠርዝ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ወጣች።

«ቆይ ቆይ» አሉ ጋሼ ኸይረዲን፤ «ገዢው ገና ከመግባቱ ለምንድን ነው በጎን በኩል ወደ ሽንት ቤት የሚሮጠው?»

«ከክፍለ ሀገር የመጣ ነዋ» አለ ደምመላሽ። «ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ውሎ።»

ይህ ማብራሪያ ለሁሉም በቂ ሆነ። ኳሷ ዘጠኝ ቁጥርን መታች፤ አምስት ሺህ። ወደ ስድስት ተወረወረች፤ ደወሉ አቃጨለ። ተመልሳ ዘጠኝ፤ አሥር ሺህ። ከኋላ የቆሙት ሰዎች ተንጠራሩ። ከዚያ ኳሷ እየተንከባለለች ወረደች፤ በአንድ ቁጥር ጥግ ሸርተት ብላ ቀዳዳው ውስጥ ጠፋች።

«ወጣ» አለ ደምመላሽ። «ዝም ብሎ ወጣ። አንድ ቁጥርን ዞር ብሎም አላየው።»

«ድገሚውማ» አሉ ጋሼ ኸይረዲን። ሰልሰቢል እሳቸው ስለ አንድ ቁጥር ፕላኑን ከሠራው መሐንዲስ ጋር ሲንሾካሾኩ አይታቸው ነበር። ደገመችው። አሥራ ሁለት ጊዜ ደገመችው። አሥራ ሁለት ገዢ ገባ፤ አሥራ ሁለት ገዢ ዘጠኝና ስድስት ላይ ሲላጋ ቆይቶ በአንድ ቁጥር ሥር ተንሸራቶ ወጣ። ጋሼ ኸይረዲን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት።

«እኔ በር ሲባል ጥሩ ይመስለኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ለካ በር መውጫም ነው።»

በማግሥቱ የሰልሰቢል ሱቅ ደጅ መጥኛ ሆነ። ደምመላሽ አዲስ ትራስ ይዞ መጣ።

«ሌላ አይደለም። ስድስት ከዘጠኝ እንዲበልጥልኝ ፈልጌ ነው። ኳሷ ወደ ስድስት ትንሽ ብቻ ዘንበል ብትል፣ ሌላው ሰው ስድስት ላይ ሲረባረብ እኔ ዘጠኝን ዝም ብዬ እወስድ ነበር።»

«ጋሽ ደምመላሽ፣ እኔ ኳሷን ባዘነብላት እውነተኛው ገዢ ይዘነብላል?»

«እሱን ተይው። ሰዎቹ ይዘንበሉልኝ።»

ሰልሰቢል ሰውየውን በአዲስ ዓይን አየችው። ትራሱን ግን ተቀበለች። ከሰዓት ጋሼ ኸይረዲን ስድስት ብርጭቆ በጋዜጣ ጠቅልለው ላኩ፤ መልእክቱ «አምስት ቁጥር ላይም አንድ ደወል ቢኖር ፍትሐዊ ነው» የሚል ነበር። ደወሉን ሰቀለችላቸው። ለጠየቀ ሁሉ ሰቀለች። ቅዳሜ ከሰዓት ላይ ጠረጴዛው የሠርግ ቤት መስሎ ያቃጭል ነበር። ለአንድ ቁጥር ደወል የጠየቀ ግን አልነበረም።

እትዬ ሸዋርካብሽ ብቻ ምንም አልጠየቁም። ሦስት ቀን ሙሉ ሱቃቸውን በጊዜ እየዘጉ መጡ፤ ካርቶኗ ላይ ተቀምጠው አዩ። ቅዳሜ ሰው ሲሳሳ እጃቸውን ከነጠላቸው አወጡ።

«ልጄ፣ እስቲ አንዴ ላስወንጭፋት።»

አስወነጨፉ። ክንፎቹን አልነኩም። ኳሷ ደወሎቹን ሁሉ እያስጮኸች ወረደችና ቀዳዳው ውስጥ ገባች። ሳቁ፤ ድጋሚ አስወነጨፉ። እንደዚያው። ሰባት ጊዜ።

«ይቺ ኳስ» አሉ፣ «ወደዚህ ሳትመጣ የቀረችበት ቀን አለ?»

ሰልሰቢል የኮፒ ወረቀቶቿን ማስተካከል ጀመረች። «ማሽኑ እኮ ነው እትዬ።»

«አዎ፣ ማሽኑ ነው» አሉና ጫማቸውን አስተካክለው ወጡ።

እሑድ ጠዋት በጋሼ ኸይረዲን መጋዘን ተሰበሰቡ። ሁሉም ሳህን በታሸገበት ካርቶን ላይ በጥንቃቄ ተቀመጠ፤ ደምመላሽ ቆሞ እንዲውል ተለመነ። ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ቁጥር አንድ» አሉ፤ አጠራራቸው ላይ «ይቅርታ» የሚል ነገር ነበረበት።

ሰልሰቢል እጇን አወጣች። ከፍጥነቷ ሰው እንዳይጠረጥር፣ ከዝግታዋም ሰው እንዳያስብበት አድርጋ ነው ያወጣችው። ጋሼ ኸይረዲን በሐዘን ዓይን አዩዋትና ሊጽፉ ብዕራቸውን አነሡ። ያኔ ከጥግ፣ ከነጠላ ውስጥ፣ ሌላ እጅ ወጣ።

«እትዬ ሸዋርካብሽ» አለ ደምመላሽ፣ «የተጠራው አንድ ነው እኮ። ያ ኳሷ የምትወድቅበት።»

«ሰምቻለሁ። እግሬን ያመኛል፤ ወደ ውስጥ ብዙ አልራመድም።»

ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። ጋሼ ኸይረዲን «እንግዲህ ደንብ ነው፣ እጣ ይጣላል» ብለው ወረቀት መቅደድ ጀመሩ። የሰባት ዓመቱ እቁብ በሰልሰቢል ዓይን ላይ ዞረ። እትዬ ሸዋርካብሽ ተነሥተው ከጎኗ ካርቶን ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን በእጇ ላይ ጣል አድርገው ከሥር ጣቶቿን ያዟቸው።

«የትም ዞራ የትም ዞራ የምትመጣው እዚህ ነው» አሉ በሹክሹክታ፤ ዓይናቸው ሊቀ መንበሩ ላይ ነው። «የገባም የወጣም ሳይነካው የማያልፈው ሱቅ። አይደለም?»

ሰልሰቢል ጋሼ ኸይረዲን የእጣውን ወረቀት ሲያጥፉ አየች።

«ልንገራቸው?»

«እትዬ፣ በፈጠረዎት።»

«ስፋቱ ስንት ነው?»

«ሦስት ሜትር።»

«የኔ ሱቅ አሁን አንድ ተኩል ነው።» ጣቶቿን አንዴ ጫን አደረጓቸው። «ያንቺስ?»

«አንድ ተኩል።»

«በይ እንግዲህ ተናገሪ፤ አንቺ ነሽ የተማርሽው።»

ሰልሰቢል ተነሣች። ከእትዬ ሸዋርካብሽ ጋር እጣ መጣል እንደሚከብዳት፣ እሳቸውም እንደዚያው እንዳሉ፣ ስለዚህ አንድ ቁጥርን መሀሉን በግድግዳ ከፍለው ሁለቱ ለመያዝ እንደተስማሙ ተናገረች። ድምጿ ተንቀጠቀጠ፤ ሰው ሁሉ ለቅሶ መሰለው።

ጋሼ ኸይረዲን ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ጀማው፣ ይህን እዩልኝ» አሉ። «አምስት ስብሰባ ለስም የተፋጀን ሰዎች ነን። እነዚህ ሁለቱ ግን ክፉውን ቦታ ለማንም ሳይተዉ ለሁለት ተካፈሉት። ሁለት ሱቅ በአንድ ቁጥር ስለገባ አንድ ሱቅ ይተርፋል፤ እሱ ለማኅበሩ ቢሮ ይሁን። ለነሱ ደግሞ ካሳ ያስፈልጋቸዋል። እኔ ከዋናው በር በላይ ያለው ግድግዳ ለማስታወቂያ ይሰጣቸው እላለሁ።»

ተጨበጨበ። እትዬ ሸዋርካብሽ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ምስጋናም፣ ድካምም፣ እጣ ፈንታን መቀበልም ያለበት ትንፋሽ ነበር። ሰልሰቢል እንዲህ መተንፈስ ለመማር ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አሰበችና አንገቷን ደፋች፤ ሳቋ እንዳይታይ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጩኸት ነው። ለስድስት ቁጥር አምስት እጅ ወጣ። ለዘጠኝ አራት። ዘጠኝን ደምመላሽ በእጣ አሸነፈና ለቤቱ ሁሉ ለስላሳ ጋበዘ። የተሸነፉት ሦስቱ ከሽንት ቤቱ በመራቃቸው እስከ ማታ ኩርፊያቸው አልበረደም።

ሁለቱ ሴቶች አብረው ወጡ። ጥቂት እንደሄዱ እኩል ቆሙ።

«በበሩ በኩል ያለው ግማሽስ?» አለች ሰልሰቢል።

«እኔም እሱን ላነሣልሽ ነበር። እጣ እንጣል?»

«እጣ ይቅርብን» አለች፤ ፈጥና።

«እንግዲያው በኳሷ ይሁን። ብዙ ነጥብ ያገኘች በሩን ትይዛለች።»

ሰልሰቢል ልቧ ሞቀ። ክንፎቹን እያየች ሳይሆን እየሰማች የምትመታ ሰው ናት፤ እኚህ ሴትዮ ደግሞ ክንፍ መኖሩንም አያውቁም። «እሺ» አለች።

«ጠረጴዛውን ግን የምሠራው እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ሸዋርካብሽ።

ሰኞ መጡ። ሰልሰቢል የእቃውን ሣጥን አሳየቻቸው፤ መዶሻውን፣ መቀሱን፣ ማስተካከያውን። የምታስተምረው እያንዳንዱ ነገር በራሷ ላይ እንደሚውል እያወቀች አንዱንም አልደበቀችም፤ ማስተማር የጀመረ ሰው ማቆም ይከብደዋል። እትዬ ሸዋርካብሽ የኮምፒውተሩን መቆጣጠሪያ ዘንግ ቀጭን መርፌ እንደያዘ ሰው በሁለት ጣት ያዙት። «አሁን ፊትሽን አዙሪ» አሏት። እሷም ጀርባዋን ሰጥታ የሰው ማመልከቻ ስትጽፍ ዋለች። ማክሰኞም እንደዚያው።

«እትዬ፣ አልደረሰም?»

«አታጣድፊኝ። አንቺም ሦስት ቀን ነው የፈጀብሽ።»

ረቡዕ ረፋድ ላይ «ነይ» አሏት። ሁለት ሰው ሲጫወት ደንቡ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያዋ ኳሷ እስክትወድቅ ትጫወታለች፤ ስትወድቅ ተራው የሁለተኛዋ ነው። አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጡ።

«ጀምሪ በይ።»

«ኧረ እርስዎ ይጀምሩ እትዬ።»

«አይ፣ ቤቱ ያንቺ ነው።»

«እንዴት ተደርጎ። ታላቅ እያለ እኔ እጀምራለሁ?»

«ይቅርብኝ ልጄ፣ አንቺ ጀምሪ።»

«በጭራሽ። እኔ ልሙት።»

«ካልሽ እሺ» አሉና ስፕሪንጉን ለቀቁት።

ኳሷ ወጣች። አንዱን ገፍታሪ መታች፣ ሌላውን መታች፣ ወረደች። ሰልሰቢል ዓይኗን ወደ ታች አወረደች። ክንፍ የለም። ቀዳዳ የለም። ቀዳዳው የነበረበት ቦታ ላይ ሦስት ገፍታሪዎች ጎን ለጎን ተተክለዋል፤ ግድግዳው ግራና ቀኝ በመዶሻ ጎብጦ እንደ ገበቴ ሆኗል። ኳሷ መጣች፤ ገፍትረው ወደ ላይ መለሷት። ተመልሳ መጣች፤ መለሷት። ነጥቡ ይቆጥራል። እትዬ ሸዋርካብሽ እጃቸውን ከማሽኑ አንሥተው ከቦርሳቸው የተዘበራረቀ ክር አወጡና መፍታት ጀመሩ።

«ተራዬ መቼ ነው?» አለች ሰልሰቢል።

«ስትወድቅ።»

ሰልሰቢል ግማሽ ሰዓት ያህል ኳሷን አየች። ሠላሳ አንድ ጠረጴዛ ስትሠራ፣ የማያወርድ ጠረጴዛ መሥራት በሐሳቧ መጥቶ አያውቅም። ማን ጠይቆኝ ነው ታላቅ ይቅደም ያልኩት ብላ ራሷን ልትወቅስ ፈለገች፤ ግን ሌላ ምን ልትል ትችል እንደነበር አላገኘችም። በመጨረሻ ወንበሯን ወደ ሌላው ኮምፒውተር አዞረችና «አንድ ቁጥር ሱቅን ስለ መካፈል የተደረገ ስምምነት» ብላ ጻፈች። ከሥሩ፦ በበሩ በኩል ያለው ግማሽ፣ ወይዘሮ ሸዋርካብሽ።

«ሁለት ኮፒ አድርጊው» አሉ ሳይዞሩ።

ኮፒውን እያወጣች ሳለ ሱቁ ጨለመ፤ ደምመላሽ በሩን ሞልቶ ቆሟል። የጀመረውን ሰላምታ ሳይጨርስ ዓይኑ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ቀረ። አንገቱን አስግጎ ቆየ።

«ይሄኛው የምንድን ነው? ገዢው እኮ አይወጣም።»

ሰልሰቢል ኮፒዎቹን ፈጥና ገለበጠቻቸው።

«ገና ያልተከፋፈልነው ያንደኛው ፎቅ ፕላን ነው» አሉ እትዬ ሸዋርካብሽ፣ ክራቸውን እየጠቀለሉ።

ደምመላሽ ቀስ ብሎ ካርቶኗን ወደ ራሱ ሳበና ተቀመጠባት።